አዛውንቶች ሌሊቱን ነቅተው የሚያድሩት ለምንድን ነው? በእርጅና ዘመን የሚታይ የእንቅልፍ ችግርና ከጀርባው ያሉ ሕመሞች

በምሥራቅ አዲስ አበባ ባሉት የጋራ መኖሪያ መንደሮች፣ በቦሌ አራብሳ፣ በሰሚት፣ በገርጂና በአያት፣ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። ከፊሎቹ ነባር ሰፈራቸው ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ወደ ከተማዋ ዳርቻ የተዛወሩ ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ደግሞ የትዳር ጓደኛቸው ሲያርፍ ወይም ጉልበታቸው ሲደክም ልጅ ከገጠር ያመጣቸው ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ደጋግመው ከሚሰሙት ስሞታዎች አንዱ «አባባ ሌሊቱን አይተኙም» ወይም «እማማ በሌሊት ተነሥተው ይንጎራደዳሉ» የሚል ነው። ስሞታው ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይቋጫል፤ ወይ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ተብሎ ይታለፋል፣ ወይ ደግሞ ከአቅራቢያው መድኃኒት ቤት «የእንቅልፍ ኪኒን» ይገዛል።

ሁለቱም መልሶች አዛውንቱን ሊጎዱ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሊታከም የሚችል ሕመም ይሸፍናል፤ ሁለተኛው ራሱን የቻለ አደጋ ይዞ ይመጣል። ዕድሜ እንቅልፍን ይለውጣል እንጂ አያጠፋም። እንቅልፍ ጨርሶ የጠፋበት ወይም እየተቆራረጠ ቀኑን ያበላሸበት አዛውንት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር አለበት።

እርጅና የሚለውጠውና የማይለውጠው

እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ሰው ሲተኛ ከቀላል ማሸለብ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ፣ ከዚያም ሕልም ወደሚበዛበት ክፍል ይሸጋገራል። ይህ ዑደት በአማካይ 90 ደቂቃ ያህል እየፈጀ በአንድ ሌሊት አራት ወይም አምስት ጊዜ ይመላለሳል። ዕድሜ ሲገፋ የሚሳሳው ጥልቁ ክፍል ነው። በሃያ ዓመቱ ነጎድጓድ የማይቀሰቅሰው ሰው፣ በሰባ ዓመቱ የበር ሲጢጥታ ያነቃዋል። የሰውነት ሰዓትም ይቀድማል፤ ምሽት ላይ ቶሎ መድከም፣ ሌሊት ላይም ቶሎ መንቃት ይመጣል።

የሚያስፈልገው የእንቅልፍ መጠን ግን ያን ያህል አይቀንስም። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚመከረው በቀን ከ7 እስከ 8 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚስተው አንድ ቀላል ስሌት አለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የተኙ አዛውንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢነቁ ስድስት ሰዓት ተኝተዋል። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት አሸልበው ከነበረ ሰባት ሞልቷል። እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ቴሌቪዥን ሲያይ ያመሸው ልጅ ግን፣ ከእንቅልፉ ባንኖ የሚያየው አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጡ «የማይተኙ» አባት ነው። እኒህ ሰው ቀን ላይ ንቁ ከሆኑ፣ ካልተበሳጩና ካልደከሙ የሚታከም ነገር የለባቸውም። የሚያስፈልጋቸው የመኝታ ሰዓታቸውን ትንሽ ወደ ኋላ መግፋት ብቻ ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ልማድ ለዚህ የሌሊት ሰዓት ቀድሞውንም ቦታ ሰጥቶት ነበር። ለሰዓታትና ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ ለተሃጁድ ተነሥተው እስከ ሱብሂ የሚቆዩ አረጋውያን በየሰፈሩ አሉ። በልማድና በፈቃድ የሚነሡበት ሌሊት፣ ቀን ላይ የሚካስ ከሆነ፣ በሽታ ተብሎ አይቆጠርም።

ሐኪሞች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የሚሉት፣ አንድ ሰው ለመተኛት በቂ ጊዜና ቦታ እያለው፣ በሳምንት ቢያንስ ለሦስት ሌሊት፣ ለሦስት ወር ያህል እንቅልፍ አልወስድ ሲለው፣ ሲቆራረጥበት ወይም ያለጊዜው ሲያነቃውና ቀኑን ሲያውክበት ነው። መለኪያው የሌሊቱ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ቀኑ ጭምር ነው።

ከማሳ ወደ አራተኛ ፎቅ

የሰውነት ሰዓት በየቀኑ የሚስተካከለው በዓይን በኩል በሚገባ ብርሃን ነው። ገበሬ ይህን ብርሃን ሳይፈልገው ያገኘዋል። ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፣ ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ከብት ሲያግድ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ሲመሽ ጨለማ ይቀበለዋል። በዚያ ላይ የጉልበቱ ድካም አለ። ሰባ ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው አሳንሰር በሌለው ጂ ፕላስ አራት ኮንዶሚኒየም አናት ላይ ሲቀመጥ፣ የእንቅልፉ ሁለት ምሰሶዎች በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ጉልበቱን ስለሚያመው ደረጃውን አይወርድም፤ ስለማይወርድ ፀሐይ አያገኝም፤ የሚሠራው ስለሌለ ሶፋ ላይ ያሸልባል፤ ቀን ስላሸለበ ሌሊት አይተኛም። ልጆቹ «ምን ጎደላቸው፣ ዐርፈው ተቀምጠው» ይላሉ። የጎደላቸው ግን ያ ሥራና ያ ፀሐይ ነው። ገጠር ላይም እርፉን ለልጃቸው አስረክበው ጎጆ ውስጥ የዋሉ አዛውንት በመጠኑ ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል።

በደመናማ ቀን እንኳ የደጅ ብርሃን ከቤት ውስጥ አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በየጠዋቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ መቀመጥ ወይም መራመድ፣ ደረጃ መውረድ ካልተቻለም በረንዳ ላይ መሆን፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ነው። ምሽት ላይ ቶሎ ለሚደክሙና ሌሊት ቶሎ ለሚነቁት ደግሞ የወደ ማታው ብርሃን ይበልጥ ይጠቅማቸዋል፤ የሰውነታቸውን ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

የብርሃን ነገር ከተነሣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሊዘለል አይገባም። ግርዶሹ ማየትን ብቻ ሳይሆን፣ የሰውነትን ሰዓት የሚያስተካክለውን ብርሃን ጭምር ይጋርዳል። በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው ይኸው ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። ሕክምናው አጭር ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ በምሥራቁ የከተማዋ ክፍል በየካ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የቆየ ስም አለው።

ቡናው የራሱ ሒሳብ አለው። ካፌይን አንጎል ውስጥ ድካምን የሚያስታውቀውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራውን እንዳይሠራ ይከላከለዋል። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ10 ሰዓት ከተጠጣ ቡና ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ጉበት ሲያረጅ ደግሞ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። «እኔ ቡና ጠጥቼ ነው የምተኛው» የሚሉ አዛውንቶች አሉ፤ በእርግጥም ይተኙ ይሆናል፤ ካፌይኑ ግን እንቅልፉን ያሳሳዋል፣ ሽንትም ያበዛል። ቡናውን ማስቀረት ከጎረቤት ጋር የሚገናኙበትን ብቸኛ ሰዓት ማስቀረት ሊሆንባቸው ስለሚችል፣ ሥነ ሥርዓቱን ወደ ጠዋት ማምጣት፣ ከሰዓት በኋላ ከሆነም በአቦል መወሰን ይሻላል። ጫት ከቡና ይበልጥ እንቅልፍ ይነሳል። አረቄና ጠላ በአንጻሩ ቶሎ ያስተኛሉ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፉን ይበጣጥሱታል።

የቦሌ ሌሊት ጸጥተኛ አለመሆኑ የታወቀ ነው። ከኤርፖርቱ በርካታ በረራዎች የሚነሡት ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ በየመንገዱ ዳር ያሉት ምሽት ቤቶች ሙዚቃም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የአውሮፕላን የሌሊት ድምፅ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ቤተሰብ አውሮፕላን ማስቆም አይችልም። ለአዛውንቱ ከመንገድ የራቀውን ክፍል መስጠት፣ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ መሸፈን ግን ይችላል። በተግባር ግን አብዛኛውን ጊዜ አያቶች የሚተኙት ቴሌቪዥን ያለበት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ቤተሰቡ እስኪተኛም አብረው ያመሻሉ።

እንቅልፍ የሚነሱ ሕመሞች

ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ሽንት ነው። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚነሡ ወንዶች ብዙ ጊዜ የፕሮስቴት ዕጢ እብጠት አለባቸው፤ ሽንት መጀመር መቸገር፣ ቀጭን መሆን፣ ሳይጨርስ መቅረት ምልክቶቹ ናቸው። የስኳር ሕመምም በወንድም በሴትም ሽንት ያበዛል፤ ከጥምና ከክሳት ጋር ከመጣ የደም ስኳር መለካት አለበት። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ምክንያት ደግሞ የእግር እብጠት ነው። ቀን ላይ እግር ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ሰውየው ጋደም ሲል ወደ ደም ይመለስና በሽንት ይወጣል። ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። የሚያሸኑ መድኃኒቶች ደግሞ፣ ለምሳሌ ፉሮሴማይድ፣ ማታ ከተዋጡ ሌሊቱን ሙሉ ያስነሳሉ። መድኃኒቱን ከማታ ወደ ጠዋት ማዛወር፣ ሐኪም ሲፈቅድ፣ ብቻውን የሳምንታትን እንቅልፍ ማጣት ያቆመበት ጊዜ አለ። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል እግርን ከፍ አድርጎ መቀመጥም ይረዳል።

ሁለተኛው ማንኮራፋት ነው። በኢትዮጵያ ማንኮራፋት የድካም ወይም የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ተደርጎ ይሳቅበታል። ከማንኮራፋቱ መሀል ድንገት ጸጥታ ሆኖ፣ ትንፋሽ ለአሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ተቋርጦ፣ ከዚያ በማነቅ ድምፅ የሚመለስ ከሆነ ግን የሚያስቅ አይደለም። በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻ ላልቶ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋዋል፤ ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ይባንናል፤ ይህ በሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሰውየው ብዙውን ጊዜ አያስታውሰውም። የሚሰማው ባለቤቱ ወይም አብሮት የሚተኛው የልጅ ልጅ ነው። በሚቀጥለው ቀን ራስ ምታት፣ የአፍ መድረቅ፣ ተቀምጦ ማንቀላፋት ይታያል። ይህ ሕመም ደም ግፊትን ያባብሳል፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለ ሰው ስለ ማንኮራፋቱ ሊጠየቅ ይገባል። ለስትሮክና ለልብ ምት መዛባትም ያጋልጣል፤ ሌሊት ሽንት የሚያበዛውም እሱ ሊሆን ይችላል። ሴቶች የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ለዚህ ሕመም ያላቸው ተጋላጭነት ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ ትንፋሽ ሲቋረጥ የሚወርደው ኦክስጅን የሚነሣው ቀድሞውንም ዝቅ ካለ መጠን ነው።

ለዚህ ሕመም ክብደት መቀነስና በጎን መተኛት ይረዳሉ። ለከባዱ ዓይነት በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያደርግ ሲፓፕ የተባለ መሣሪያ አለ፤ አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ነው። የሌሊት ምርመራውም ሆነ መሣሪያው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፤ ዋጋውም ይከብዳል። ጥርጣሬውን ለሐኪም መናገር ግን ቢያንስ አንድ ትልቅ ስሕተት ያስቀራል፤ ይኸውም ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው የእንቅልፍ ኪኒን ወይም አልኮል መስጠት ነው። ሁለቱም የላላውን ጉሮሮ ይበልጥ ያላሉታል።

«እግሬን ይበላኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ካላንቀሳቀስኩት አያስተኛኝም» የሚሉ አዛውንቶች አሉ። ይህ ስሜት ዐርፈው ሲቀመጡና ማታ ላይ የሚብስ፣ ሲራመዱ የሚያልፍ ከሆነ የራሱ ስም ያለው የእግር ዕረፍት ማጣት ሕመም ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ካርል አክሰል ኤክቦም በ1945 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ጽፈውበታል። ከታወቁት ምክንያቶቹ መካከል የብረት ማዕድን እጥረትና የኩላሊት ሕመም ይገኙበታል። ስለዚህ እግር ከማሸት በፊት የደም ምርመራ ይቀድማል። በአዛውንት ላይ የብረት እጥረት ከተገኘም «ደም አነሳቸው» ተብሎ ኪኒን ሰጥቶ መተው አይገባም፤ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ደም እየፈሰሰ እንዳይሆን መመርመር ያስፈልጋል።

የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ቃርና ሳል የታወቁ እንቅልፍ ነሺዎች ናቸው። በገጠር ለዐሥርተ ዓመታት በእንጨትና በኩበት ጭስ ሲያበስሉ የኖሩ እናቶች ሲጋራ ሳያጨሱ የአጫሽ ሳንባ ሊኖራቸው ይችላል፤ ሌሊት የሚያስነሣቸው ሳል ብርድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከዚህ የሚለየውና ቸል የማይባለው፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ትራስ ደራርበው ካልሆነ የማይተኙ ወይም ሌሊት ታፍነው ወደ መስኮት የሚሮጡ ሰዎች ነገር ነው። ይህ የልብ ድካም ምልክት ነው።

የሐዘንና የአእምሮ ጉዳይም አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ እንደገና መተኛት አለመቻል፣ ምግብ መጥላት፣ ከሰው መሸሽ በአንድ ላይ ሲመጡ የድብርት ሕመም መኖሩን ያመለክታሉ። በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያውያን «ድብርት ያዘኝ» ብለው አይመጡም፤ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ራሴን ያዞረኛል» ይላሉ። ባለቤታቸውን የቀበሩ፣ ከእድራቸውና ከጽዋ ማኅበራቸው ተለይተው ጎረቤት ወደማያውቁበት ሕንፃ የገቡ ሰዎች በተለይ ሊታዩ ይገባል። በምሥራቅ አዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ወደዚያ ለመሄድ ሰው «ማበድ» የለበትም።

የመርሳት ሕመም ሲጀምር ሌሊትና ቀን ይቀላቀላሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ መበሳጨት፣ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት፣ በሌሊት በር ከፍቶ መውጣት የተለመዱ ናቸው። ደረጃው ክፍት በሆነ ሕንፃ ላይ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በሩ ላይ ደወል ማንጠልጠል፣ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውን መተላለፊያ በትንሽ መብራት ማብራት፣ ቀን ላይ ደግሞ እንዲንቀሳቀሱ ማድረግ ከመጮህ ይሻላል።

ዱካክ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። ሰው ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስ የሚያቅተውና ደረቱን የሚጫነው ነገር ያለ የሚመስለው፣ አንጎል ከሕልም ክፍል ሲወጣ ሰውነት ገና ሳይፈታ ሲቀር ነው፤ ያስፈራል እንጂ በአብዛኛው አይጎዳም። ተቃራኒው ግን ሌላ ነው። በሕልም ጊዜ መታሰር የሚገባው ሰውነት ሳይታሰር ቀርቶ አዛውንቱ በእንቅልፍ ልብ ቢጮሁ፣ ቢማቱ፣ ከአልጋ ቢወድቁ፣ ሲነቁም «ጅብ ሲያባርረኝ ነበር» ቢሉ፣ ይህ በ1986 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሐኪሞች የተገለጸ የታወቀ ሕመም ነው። ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ የፓርኪንሰን ወይም ተዛማጅ ሕመም ይታይባቸዋል። ቤተሰብ ጠበል ቢወስዳቸው ሐኪም ከማሳየት ጋር አይጣላም፤ ሁለቱን ማድረግ ይቻላል። እስከዚያው አልጋውን ዝቅ ማድረግና በአጠገቡ ያለውን ሹል ነገር ማንሣት ያስፈልጋል።

የሚዋጠው ኪኒን

ዳያዜፓም በብዙ ቤቶች የታወቀ ስም ነው። በሕግ በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሸጥ ያለበት ነው፤ ከአንድ ጎረቤት ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ጊዜ ግን አለ። ችግሩ ከሰውነት መውጣቱ ላይ ነው። ከተዋጠው ግማሹ በወጣት ላይ አንድ ቀን ያህል ሲቆይ፣ በሰማንያ ዓመት ሰው ላይ እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። በየማታው ሲዋጥ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል። አዛውንቱ ቀን ላይ ይደነዝዛሉ፣ ይረሳሉ፣ እግራቸው ይያዛል። ቤተሰቡም «አሁን ደግሞ መርሳት ጀመሩ» ይላል።

ከዚያ የሚመጣው መውደቅ ነው። ሌሊት ለሽንት የተነሡ፣ ኪኒን የዋጡ፣ መብራት የጠፋባቸው አዛውንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይወድቃሉ። በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት መሰበር አንድ ጊዜ በእግሩ ይሄድ የነበረን ሰው አልጋ ላይ ሊያስቀረው ይችላል፤ ከስብራቱ በኋላ ባለው ዓመትም የሞት አደጋው ይጨምራል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ለአዛውንቶች መሰጠት የሌለባቸውን መድኃኒቶች በሚዘረዝርበት መመሪያ ውስጥ ይህን የመድኃኒት ዘር ያካተተው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ቀለል ያለ ነው» ተብለው የሚሰጡትም ሁልጊዜ ቀላል አይደሉም። የሚያስተኙ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን፣ እንዲሁም አሚትሪፕቲሊን፣ አዛውንትን ያምታታሉ፤ ፕሮስቴት ያበጠበትን ሰው ሽንት ጨርሶ ሊዘጉበት ይችላሉ። ምሽት ላይ ኪኒን ውጠው ጠዋት ሽንት ቤት ገብተው የማይወጡ አባት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲወሰዱ፣ ስለ ማታው ኪኒን የሚያነሣ ሰው መኖር አለበት።

ዳያዜፓምን ለወራት ሲወስዱ የቆዩ ሰዎች በአንድ ቀን ማቆም የለባቸውም። ድንገት ማቆም መንቀጥቀጥ፣ የባሰ እንቅልፍ ማጣት፣ አልፎ አልፎም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ያመጣል። በሐኪም ክትትል በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ይቆማል።

ያለ መድኃኒት የሚሰጠው ሕክምና

ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ቀዳሚው ሕክምና ኪኒን አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች ሁሉ በቅድሚያ እንዲሰጥ የመከረው የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና የሚባለውን ነው። ለአረጋውያንም እንደሚሠራ በጥናት ታይቷል። ሐሳቡ ለጆሮ ተቃራኒ ይመስላል፤ የማይተኛን ሰው አልጋ ላይ ከማቆየት ይልቅ የአልጋ ሰዓቱን መቀነስ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አልጋ ላይ ሆነው ስድስት ሰዓት ብቻ የሚተኙ ሰው ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11 ተኩል ብቻ አልጋ ላይ እንዲሆኑ ይደረጋል። መጀመሪያ ይደክማሉ፤ ድካሙ ግን የተበታተነውን እንቅልፍ ሰብስቦ አንድ ያደርገዋል። ከዚያ ሰዓቱ በየሳምንቱ ሩብ ሰዓት እየተጨመረ ይረዝማል። የመነሻ ሰዓት፣ ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ በየቀኑ አንድ ነው።

አልጋ ላይ ሆኖ እንቅልፍ ካልመጣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቆ መነሣት፣ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥ፣ መጸለይ ወይም ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መስማት፣ እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ ሌላው ደንብ ነው። ሰዓት ላይ ዐይን መትከል ይከለከላል። የቀን ማሸለብ ከ9 ሰዓት በፊት ቢሆንና ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል። ለመውደቅ የተጋለጡ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የአልጋ ሰዓት መቀነሱን ያለ ሐኪም እንዳይጀምሩ ይመከራል፤ ለእነሱ የብርሃኑና የመነሻ ሰዓቱ ደንብ ይበቃል።

ወደ ጤና ተቋም ሲኬድ

አዛውንቱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ልጅ ሁለት ነገር ቢይዝ የሐኪሙ ሥራ ይቀላል። አንደኛው የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ነው፤ መቼ ተኙ፣ ስንት ጊዜ ተነሡ፣ ለምን ተነሡ፣ ቀን ስንት ሰዓት አሸለቡ፣ ቡና መቼ ጠጡ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናት ከሆኑ የትምህርት ቤት ልጅ ይጽፍላቸዋል። ሁለተኛው በቤት ያለው መድኃኒት በሙሉ፣ ከጎረቤት የመጣውና ባህላዊውም ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል ተሰብስቦ ነው። አብሯቸው የሚተኛ ሰው ካለ እሱም ቢሄድ ይመረጣል፤ ስለ ማንኮራፋታቸው የሚያውቀው እሱ ነው። በጤና ጣቢያ ደረጃ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ የሽንትና የደም መጠን ምርመራ ማድረግ ይቻላል፤ እነዚህ አራቱ ከእንቅልፍ ማጣት ጀርባ ያሉትን ብዙዎቹን ምክንያቶች ያሳያሉ።

ቀጠሮ የማይጠብቁም አሉ። እስከ ትናንት ደህና የነበሩ አዛውንት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሌሊቱን ሲቃዡ፣ ሰው ሲስቱ፣ የሌለ ነገር ሲያዩ ወይም ቀኑን ሙሉ አልነቃ ሲሉ፣ ይህ የመርሳት ሕመም መጀመሪያ አይደለም፤ የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት ይመጣል እንጂ በአንድ ሌሊት አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ የሽንት መዘጋት ወይም በቅርቡ የተጀመረ መድኃኒት ነው። በዚህ ዕድሜ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ስለሚችል ግንባር ዳስሶ «ትኩሳት የለባቸውም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ ከወደቁ በኋላ መቆም አለመቻል፣ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ንግግር ከእንቅልፍ ማጣቱ ጋር ከመጣ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል።